ቁልፍ የማይጭረው አሸንዳ

ይድረስ ለምወድህ ለወንድም ጋሼ ዱባለ፦

የሚያሳፍር ነገር ስለምነግርህ ይቺን ደብዳቤ ለብቻህ አንብባት። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ስፒከር ላይ አስደርጋ ስለምትሰማን ነው። ግን ከሁሉ በፊት እንዴት ነህ? ጉንፋኑ ለቀቀህ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? የሆሳዕና ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። መንገድ ተዘጋ ሲባል ሰግታችሁ እንደነበር አውቃለሁ፤ የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ቀረ ከተባለ ወዲህ ሰበታ ረገብ ብላለች።

እናልህ፣ እንደምታውቀው ፋብሪካችን ውስጥ ቆርቆሮው ተቀብቶ ሲወጣ የምፈትሸው እኔ ነኝ። አፈታተሼም በቤት ቁልፌ መጫር ነው፤ ቀለሙ ካልተጫረ አለፈ። በተቃውሞው ግርግር ሰሞን ግማሹ ሠራተኛ ስላልመጣ ማሽኑ እየተንቀራፈፈ ነበር የሚሠራው። ያን ቀን የወጣውን ብጭረው ብጭረው የተሞረደው ቁልፌ ነው! «ይሄማ የእማዬ ነው» ብዬ ለሳር ቤቷ መቀየሪያ፣ ለጣሪያውም ለአሸንዳውም ለየሁት፤ ሹፌራችን ዓባይነህም ጫነልኝ። ግን የቡታጅራ መንገድ ስላልተከፈተ መኪናው ግቢ ውስጥ አራት ቀን ቆመ። መንገዱን ስንቴ እንዳማረርኩት!

በአራተኛው ቀን የማጠፊያው ኃላፊ ኦቦ መገርሳ ከዚያው ቆርቆሮ አንዱን ለአሸንዳ ሲያጥፉት ቀለሙ እጥፋቱ ላይ ተንጣጣ። ፕላስተር ለጥፈው ቢያነሡት ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተከትሎት መጣ። ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለእናትሽ የምትልኪው ጠረጴዛ ነው ወይስ አሸንዳ?» አሉኝ። ለካ ማሽኑ ሲዘገይ ቀለሙ ምድጃ ውስጥ ከልኩ በላይ ተጋግሮ ኖሯል፤ ጠንክሯል፣ መታጠፍ ግን አይችልም። በስንጥቁ ውሃ ከገባ ደግሞ በዓመቱ ዝገት ነው። ማሸጊያ ክፍል ያለችው ሄመን እስከ ዛሬ ስታየኝ «ቁልፏ መጣች!» ትላለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ዓባይነህ ሁሉንም አወረደው። የተዘጋው መንገድ ነው ያዳነኝ፤ ግን በዚያ ሰሞን ልጃቸውን የቀበሩ ጎረቤቶች ስላሉኝ ይሄን ጮክ ብዬ አላወራም።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በላት። ሚስትህ ሀሴት በጣም ናፍቃኛለች፤ ልጅህን ኤልቃናን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ።

ሰኞ ማሽኑ በልኩ ሲሄድ የሚወጣውን ኦቦ መገርሳ ፊት በገዛ እጄ አጥፌ፣ ፕላስተሩንም ለጥፌ አነሣዋለሁ። ቀለሙ ቢይዝም ቢለቅም የዚያኑ ቀን ማታ እደውልልሃለሁ፤ ስፒከሩንም ክፈተው፣ እማዬ ትስማ። እስከዚያ ግን የቤቱን ሳር እንዳታስነሳ፣ አደራህን!

እህትህ ብርሃነሽ
ሰበታ፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም.