ስም የሌለው ምስል

ሰኞ

ዋሸሁ። ያውም ማንም ሳያስገድደኝ።

የትኬት አፑን ያሠሩኝ የትራንስፖርት ማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጥሩነህ ዛሬ ስብሰባው ላይ አንዲት የሕግ ባለሙያ ይዘው መጡ። ሴትዮዋ ረጋ ብላ፣ "ሕጉ ግዴታ ነው የሚለው። ማየት የተሳነው ሰውም ያለ ረዳት ትኬቱን መቁረጥ መቻል አለበት። ካልሆነ የመናኸሪያውን የትኬት መስኮት መዝጋት አትችሉም" አለች።

አቶ ጥሩነህ ወደ እኔ ዞሩ። "ይሠራል አይደል፣ ትርንጎ?"

"ይሠራል።"

"በዓይነ ስውር ተሞክሯል?" አለች ሴትዮዋ።

"አክስቴ ሞክራዋለች። ዓይነ ስውር ናት፤ ዳንግላ ታስተምራለች።"

አፌን በቆረጠው! አክስቴ አፑን ነክታው አታውቅም። አፕ እየሠራሁ መሆኑን እንኳ በደንብ አልነገርኳትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። አቶ ጥሩነህ በደስታ ጠረጴዛውን መቱት። "እንግዲያው ዓርብ ምረቃው ላይ የመጀመሪያዋን ትኬት አክስትሽ ትቆርጣለች! ኢንጅባራ ጉድ ትበል!"



ማክሰኞ

ጠዋት ቢሮ ማንም ሳይገባ፣ ስልኩ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህን ሥራውን ስጀምር ማድረግ ነበረብኝ።

ጣቴን አሳረፍኩ። "ስም የሌለው ምስል።" ወደ ታች ወረድኩ። "ስም የሌለው ምስል።" ደግሜ ወረድኩ፤ ያው ነው። ዳንግላ የለ፣ ጫግኒ የለ፣ ክፈል የለ።

ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት። ፊደሉ ነው። አሮጌ ስልኮች ላይ የአማርኛው ፊደል ባዶ ሳጥን እየሆነ ሲያስቸግረኝ፣ እያንዳንዱን ቃል አሳምሬ ሥዕል አደረግሁና አስገባሁት። ለሚያየው ሰው "ዳንግላ" ይላል፤ ለስልኩ ግን ፎቶ ነው። ሰው ሁሉ "ፊደሉ እንዴት ያምራል!" ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ ነው የከረምኩት።

መስተካከል ያለበት፦ ከተሞቹ። ቀኑ። ሰዓቱ። ወንበሩ። ክፍያው። "ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ" የሚለው ሳይቀር (መሳሳቱንስ በምን ያውቃል?)። እስከ ዓርብ በጭራሽ አይደርስም።

ልነግራቸው የአቶ ጥሩነህ በር ድረስ ሄጄ ነበር። በስልክ የምረቃውን ድንኳን እየተከራዩ ነው፤ ድምፃቸው ሠርግ የሚደግስ ሰው ድምፅ ነው። ተመለስኩ።

ረቡዕ

ዳንግላ ደርሼ መጣሁ። ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ አፈርኩ።

አክስቴ እታለም ከትምህርት ቤት ገብታ፣ የቀርከሃው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከጥሊሊ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለ ዓርብ ነገርኳት። "ድምፁ ገና አላለቀም፤ ግን የት የት እንደምትነኪ አሳይሻለሁ" አልኳት። ጣቷን ይዤ አስጠናኋት፦ ከተማው እዚህ፣ ቀኑ ከሥሩ፣ ክፍያው ታች በስተቀኝ። ወዲያው ያዘችው።

"እኔስ ይኸው በቃሌ ያዝኩት" አለች። "አስጠኚ የሌላትስ?"

"ቀስ በቀስ ይስተካከላል፣ እታለም።"

"መስኮቱ መቼ ነው የሚዘጋው?"

"ሰኞ።"

 ያን ጊዜ ነው የቀረውን ያወጣሁት፤ ቀድማ እንደሞከረችው ለሰዎቹ መናገሬን።

"ኧረ? መቼ ነው የሞከርኩት?" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ዓይኗ የማያይ መሆኑን እያወቅሁ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"እመጣለሁ" አለችኝ ስንለያይ። ለመንገድ ብላ የተቀቀለ ድንች ቋጠረችልኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አንዱንም መቅመስ አልቻልኩም። ያስተማረችኝን ሴት ውሸት አስጠንቼ መምጣቴ ነው።

ሐሙስ

እሷ የምትነካቸውን ቁልፎች ብቻ ልሰይም ብዬ ጀምሬ ነበር። ዳንግላ፣ ቅዳሜ፣ ክፈል። ሌላው ሁሉ ዱዳ እንደሆነ ይቆያል፤ ለአንድ ቀን ማን ያውቃል? ግማሽ ሰዓት ሠርቼ ራሴን ታዘብኩና አጠፋሁት።

ከዚያ ምን አደረግሁ? የሚያነበውን ሰው እንዳይሰማ፣ ለነገ በተዘጋጀው ስልክ ላይ ድምፁን ቀነስኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል።

ዓርብ

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። ድንኳን፣ ማይክራፎን፣ ወንበር ያጡ ባጃጅ ነጂዎች ከኋላ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ በምርኩዟ መጣች። አቶ ጥሩነህ ስልኩን ሰጧት። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። "ይሄ ድምፅ የለውም" አለችና ቁልፉን በጣቷ ፈልጋ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍ አደረገችው። ከዚያም ማይክራፎኑ ላይ አስጠጋችው።

"ስም የሌለው ምስል።"

ከኋላ ሳቅ ተነሣ። "ስም የሌለው ምስል። ስም የሌለው ምስል።" ሳቁ ቀነሰ። እሷ እንዳስጠናኋት አንዱንም ሳትስት ቀጠለች። መጨረሻ ላይ ማንም አይስቅም ነበር። ትኬቱ ተቆረጠ። የሚያጨበጭብ ጠፋ።

"የእህቴ ልጅ 'አክስቴ ሞክራዋለች' ብላችኋለች" አለች። "እውነቷን ነው፤ ረቡዕ ሞክሬዋለሁ። ያገኘሁት የሰማችሁትን ነው። ትኬቱን የቆረጥኩት በቃሌ አስጠንታኝ ነው። ነገ አንድ ከተማ ቢጨመርበት፣ ዳንግላ ብዬ ጫግኒ ልወርድ ነው።"

ይኸው፣ እያጋለጠችኝም ሸፈነችኝ። ዝም ብል ኖሮ በዚያው አመልጥ ነበር። ግን መሸፈኗ ከሁሉ በላይ አቃጠለኝ። ተነሥቼ፣ "ሰኞ ስናገር ገና አልሞከረችውም ነበር። ዋሽቼ ነው" አልኩ። 

የሕግ ባለሙያዋ ለአቶ ጥሩነህ፣ "መስኮቱ አይዘጋም" አለቻቸው። 

አቶ ጥሩነህ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ልጄ፣ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሉኝና ድንኳኑን ሊያስፈቱ ሄዱ።

ቅዳሜ

አክስቴ እኔ ቤት አደረች።  ቁርስ ላይ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ብይ አሁን" አለችኝ። በላሁ።

የከተሞቹን ሥዕል አውጥቼ በፊደል ተካሁ። አሮጌ ስልክ ላይ አያምርም፤ ይቅር። ስልኩን ምንም ሳልነግራት ሰጠኋት። "ስም የሌለው ምስል። ስም የሌለው ምስል። ዳንግላ።" ጣቷ ቆመ። ደግማ ነካችው። "ዳንግላ።"

"ይቺንስ አወቅኋት" አለች።

በትናንቱ ትኬት እንደማትሄድ ተናግራ ነበር፤ "የተኮረጀ ነው።" መናኸሪያ ስንደርስ እጇን ልይዝ ስል ምርኩዟን ከፊቴ አወዛወዘችው። "ሕጉ ያለ ረዳት ነው የሚለው። እዚያ ቁሚ" ብላኝ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ቆምኩ። ከፊቷ አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ነበረች። ትኬት ቆራጩን በአዊኛ ጠየቀችው፣ በአዊኛ መለሰላት፣ ትኬቷን ይዛ ሄደች። እኔም አዊኛ ከአክስቴ እኩል እናገራለሁ። አፑ ውስጥ ግን አንዲት የአዊኛ ቃል የለችም። ትዝም ብሎኝ አያውቅ።

ሰኞ ይህንን ሳይጠይቁኝ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። ካላባረሩኝ።