የአርነ መኪና ብረት

እሑድ፣ ሚያዝያ 18

በረዶ እንዲያቀልጥ የተረጨው የመንገዱ ጨው ታጥቦ ስላለቀ፣ ጎረቤቴ አርነ አሮጌዋን የጀርመን ስፖርት መኪናቸውን ዛሬ ከጋራዥ አወጡ። እዚህ ሰው አገር፣ ሃውገሩድ የሚባለው ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ ሊፍት ውስጥ «ሃይ» ከመባባል አልፈን አናውቅም። ዛሬ ግን «እስቲ ና፣ ይቺን ያዝልኝ» አሉኝ። ከባድ የብረት ቁራጭ ነው። እኔ ደግፌ ይዤ፣ እሳቸው ከፊተኛው ፓራውልት ጀርባ በብሎን አሰሩት።

ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ መጀመሪያ የተሠሩት የዚህ ዓይነት መኪኖች ኩርባ ላይ ከኋላ ይንሸራተቱ ነበር አሉ። ሠሪዎቹም መላ ሲያጡ ፊታቸው እንዲከብድ ብረት ደበቁባቸው። ሳቄ መጣ። አባቴም ለቮልሱ ከፊት ኮፈን ሥር የአሸዋ ከረጢት ነበረው። ስነግራቸው እሳቸውም ሳቁ።

«እኔ ብረቱን አውጥቼው ነበር» አሉ ቆይተው። «ጫካ ውስጥ ወዳለው የዕረፍት ቤታችን ስንሄድ ባለቤቴ የመኪናዋን ፊት በሻንጣ ስለምትሞላው አያስፈልግም ነበር።»

ባለቤታቸው ባለፈው መከር ነው የሞቱት። እኔ ያወቅኩት ስማቸው ከበሩ ደወል ላይ ሲነሳ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላም አልሄድኩም። ጃኬቴን ለብሻለሁ፣ እሑድ ነው፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። አርነ እጃቸውን ጠረጉና «ታክ» ብለው በቋንቋቸው አመሰገኑኝና ብቻቸውን ነዱ። እስኪታጠፉ ድረስ ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር አየሁት። መኪናዋ ኩርባውን ሳትንሸራተት ያዘች።

የእጄ ግራሶ እስካሁን አልለቀቀም። ምናለ «ልምጣ?» ብያቸው ቢሆን ኖሮ። ከዚያ ብረት እኔ እሻል ነበር። ቢያንስ አወራለሁ።