ከዝርዝሩ የሚጠፉት ፈረሰኞች

ረቡዕ

አባባ የሉም! ላፕቶፔ ላይ የጻፍኩት ፕሮግራም የፈረሰኞቹን ስም ዝርዝር አወጣልኝ፤ አባባ ከፈረሳቸው ከዳማ ጋር ጠፍተዋል። እንደገና አስነሳሁት። አባባ መጡ፣ ጎረቤታችን ጋሽ ይሁኔ ጠፉ። ምን ጉድ ነው?

እሑድ በፈረሰኞቹ በዓል ሜዳው ላይ ጋላቢ የሚጠራው በዚህ ዝርዝር ነው። አባባ ደግሞ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው» ብለዋል። በገዛ ልጃቸው ፕሮግራም ሳይጠሩ ቢቀሩስ?

ሐሙስ

እንጅባራ ጉም ውጧታል። ኔትወርክ የለም። ኮዱን አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። ስሙ ከነፎቶው ስለሆነ ላፕቶፔ እንዳትንቀራፈፍ ብዬ ሥራውን ለአራት የፕሮግራሙ ክፍሎች አካፍዬዋለሁ፤ አራቱም ጎን ለጎን እየሠሩ አንድ የጋራ ዝርዝር ላይ ይጨምራሉ። ለአንድ ብቻ ስሰጠው ማንም አይጠፋም፣ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስም ደግሞ እስከ እሑድ ጠዋት ይመጣል።

ውጭ አባባ ዳማን በአዊኛ ያጫውቱታል። ድምፃቸው በጉሙ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አንጀቴን በሉት።

ዓርብ

ዘንገና ሐይቅ አፋፍ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ሁለት ፈረሶች እኩል ወደ አንድ ጠባብ በር ገቡ፤ በወዲያ በኩል አንዱ ብቻ ወጣ። ነቃሁ። ሐይቁ ዝም ብሏል።

ለካ እንዲህ ነው! ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ እኩል አንድ ቦታ ሲጽፉ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሰዋል። ፈረሰኞቹስ እንዲህ ያደርጋሉ እንዴ? እያንዳንዱ ቀበሌ በየአለቃው ተሰልፎ ይመጣል፣ ሜዳው ላይ ሰልፍ ከሰልፍ ገጥሞ አንድ ይሆናል። ይህን እያየሁ አድጌ! አይ እኔ።

ቅዳሜ

ለአራቱም የየራሳቸውን ዝርዝር ሰጠኋቸው። አንዴ የተጻፈ አይነካም፤ ስም ሲጨመር አዲስ ዝርዝር ይወለዳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ዝርዝሮች ሲገጥሙ ሦስተኛ ዝርዝር ይወጣቸዋል፣ የፊተኞቹ እንዳሉ ናቸው። ደጋግሜ አስነሳሁት። ሁሉም አሉ!

«ምን ያስቅሻል አንቺ?» አሉ አባባ።

«ጠፍተው ነበር፣ ተገኙ።»

«ከቤቴ የት ወጥቼ?» ብለው ሳቁብኝ። ልቤ ግን አላረፈም።

እሑድ

ከጥሊሊ ዘግይተው የመጡትን ስሞች ጨምሬ ዝርዝሩን ለስም ጠሪው አስረከብኩ። ጠሪው ያነባል፣ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ። ከዚያ የአባባ ስም ከነፈረሳቸው ተጠራ።

አልሰሙም። ጆሯቸው ከብዷል፤ ዳማ ላይ ተቀምጠው ጉሙን ያያሉ። ልጮህ ስል ዳማ የራሱን ስም ሰምቶ በራሱ ወደፊት ወጣ። አባባ ደንግጠው ልጓሙን ያዙ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅ።