የእርሳሱ ነገር

ሻይ ደፊው፣

በዚህ ስም ስጠራህ የመጨረሻዬ ነው።

ከባንዱ ጋር ለአሥር ቀን ወጥቻለሁ። የማድቤቱ ቧንቧ ጠበቅ አድርገህ ካልዘጋኸው ያንጠባጥባል፤ ሁለቴ እየው።

ሌላው፦ ትናንት ኪቦርዴን ለጉዞው ፈትቼ አጸዳሁ። "ሻይህን ደፍተህ ገደልካት" እያልኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳህን ያሳጠብኩህ ቁልፍ አለች አይደል? ከሥሯ የእርሳስ ቁራጭ ተሰንቅሮ አገኘሁ። ጫፉ ታኝኳል። በዚህ ቤት እርሳስ የሚያኝክ አንድ ሰው ብቻ ነው፤
እሱም አንተ አይደለህም።

ሳወጣው እንደ ድሮዋ ጮኸች። ዘፈኖቼን ሁሉ የጻፍኳቸው እሷን እየዘለልኩ ነበር። ያ ጋዜጠኛ "የራሱ ልዩ ስልት" ብሎ ያደነቀኝ ይህንኑ ነው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።

ሳህኖቹን አጥቤያለሁ። የተቃጠለውን ድስት እንኳ ሳይቀር።

"እኔ ያበላሸሁትን ቆሜ አልሰማም" ብለህ አንድም ቀን መድረካችን ፊት አልቆምክም። እኔም ና ብዬህ አላውቅም።

የመጨረሻው ዝግጅት እዚሁ ከተማ፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ትኬትህ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አዲሱ ዘፈን የሚጀምረው በዚያች ቁልፍ ነው፤ አንተን ከፊት ሳላይ ጣቴን አላሳርፍባትም።

በል እንግዲህ፣ ሕዝቡን አታስጠብቅብኝ።

እርሳስ አኛኪው