የሐጀራ ምድጃ እና የእኔ ስም

ዓርብ፣ ጥቅምት 3፣ 2004

ዛሬም ጭቃ። ክረምቱ ወጣ ተባለ እንጂ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገና አልሰማም። ከሰባተኛ ሠፈር በእግሬ መጣሁ። ቆርቆሮ የተሸከመ ሰውዬ "ዞር በይ እህት!" እያለ ትከሻዬን ገጭቶኝ አለፈ። ጫማዬ አበቃለት።

ጋሼ ይመር ሱቅ ከመጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ። ሱቅ ይባል እንጂ ሦስት ግድግዳና አንድ ጣሪያ ነው። በጥቃቅን ከተደራጁት ቆርቆሮ ሠሪዎች ሁሉ ረጋ ያሉት እሳቸው ናቸው ብሎ ነው የፕሮጀክታችን አስተባባሪ በሪሁን እዚህ የመደበኝ። ሥራዬ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ያምራል... ከወዳደቀ ብረት የሚሠራ፣ ሲበላሽ የማይጣል የከሰል ምድጃ መንደፍ። በየቤቱ ያለው ምድጃ ዓመት አይሞላውም። ከሰሉ የሚያርፍበት ብረት ተቃጥሎ ይበሳል፣ ከዚያ ሙሉው ይጣላል። የእኔ ግን አይጣልም። ዐሥራ አራት ብሎን አለው። የተበላሸው ክፍል ይፈታል፣ አዲስ ይገባል፣ ሌላው ይቀጥላል። ዐሥራ አንድ ጊዜ ነው የሣልኩት። ቆንጆ ነው... እኔ ካላልኩ ማን ይበል?

ጋሼ ይመር ጋ የምትሠራ ሐጀራ የምትባል ልጅ አለች። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ላሜራ ትቆርጣለች። ስዕሌን ገልብጣ ያዘችና "ይሄ እግሩ ነው አናቱ?" አለች። ጋሼ ይመር ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከአንገት በላይ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ሐጀራ ሳትለካ ትቆርጣለች። በዓይኗ ብቻ። ዘወር ስትል በሜትር ለካሁት... ልክ ነው። ዝንፍ አላለም። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት ለምን ነበር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ምድጃዎቼ ተሠርተው አለቁ። ጎጃም በረንዳ አካባቢ ሻይ ለሚሸጡ ሴቶች ለሙከራ አደልን። ለእያንዳንዳቸው የብሎን መፍቻ ጨመርኩላቸው፣ እንዴት እንደሚፈታም ቁጭ ብዬ አሳየሁ። ባይነሽ የምትባለው ምድጃውን እያገላበጠች፣ "የብሎኑ ብዛት! ይሄ ሁሉ የኔ ነው?" አለች።

ደስ ብሏት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ጉድ ሆንኩ። ከዐሥሩ ሦስቱ ብቻ ናቸው የቆሙት፤ እነሱም በሽቦ ታስረው። የአንዱም ብሎን የለም። "የት ሄደ?" ስላት ባይነሽ ዓይን ዓይኔን እያየች "ብሎን እኮ ነው" አለች። በቃ። መልሱ ይኸው ነው። መርካቶ ውስጥ የሚፈታ ነገር ይፈታል፤ የተፈታ ነገር ይሸጣል። እኔ ደግሞ መፍቻውን ሳይቀር በእጃቸው አስይዤ መጣሁ። ምናለሽ ተራ መሃል ተቀምጬ ይሄ እንዴት አይታየኝም?

ስመለስ አንድ ሰውዬ ማዳበሪያ አንጥፎ ብሎን ይሸጣል። የእኔዎቹ። ገና ያብለጨልጫሉ። ቆሜ ዋጋ ተከራከርኩ... በራሴ ብሎን! "እህቴ፣ ኦርጅናል ነው፣ የትም አታገኚውም" ይለኛል። ጥዬው ሄድኩ።

ለጋሼ ይመር ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። "እኔማ ገና ስታመጪው አስቤ ነበር ልጄ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"የተማረ ሰው ምን ይባላል ብዬ።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ሐጀራ ምድጃ ሠራች። ማንም ሳያዛት።

ብሎን የለውም። ብየዳ የለውም። አካሉ ከአሮጌ በርሜል ነው፣ ወፍራም፤ ጠርዙ ተጣጥፎ እርስ በርሱ ተያይዟል። ውስጡ ሦስት የታጠፉ ጆሮዎች አሉት። እነሱ ላይ በሚስማር የተበሳሳ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ጣል ታደርጋለች፤ ከሰሉ እዚያ ላይ ያርፋል። አለቀ። ምድጃ።

"ክዳኑ ስስ ነው፣ ይቃጠላል" አልኳት።

"ይቃጠላ! ክዳን መች ጠፍቶ? አውጥተሽ ሌላ ትጥያለሽ።"

"ቀለሙስ? ይሸታል እኮ።"

"መጀመሪያ ውጭ ታነጂዋለሽ። አንዴ ነው።"

ለሁሉም መልስ አላት። ተፈትቶ የሚሸጥ ነገር የለውም። የሚቃጠለው ክፍል ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ ወድቆ የሚገኝ ነው። እኔ ያ ክፍል በብሎን ተፈትቶ እንዲቀየር ስታገል ከረምኩ፣ እሷ ይቃጠል ብላ ተወችው። ለምን አልታየኝም? ለምን ለእሷ? "ጥሩ ነው" አልኳት። 

እሑድ፣ ኅዳር 10

እናቴ ቤት ምሳ። አዲስ ምድጃ ገዝታለች። ገና ከበሩ አወቅሁት፤ የሐጀራ ነው።

"ነይ እይልኝማ! ከምናለሽ ተራ ነው። ክዳኑ ሲያልቅ ሌላ መጣል ነው አሉኝ። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ!" ከዚያ ደግሞ፣ "አንቺ እኮ እንዲህ ያለ ነገር ትሠሪልኛለሽ ብዬ ነበር።"

ወደ ምሳዬ አቀረቀርኩ። ሽሮው ጣፍጧል። እሱም አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ሴቶቹ ሱቁ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ባይነሽም ገዛች። የእኔን ምድጃ ቀሪ አካል ምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት... ለዶሮዎቿ ውሃ ማጠጫ።

ሐጀራ ሥራ ሲበዛባት ታንጎራጉራለች። ድምጿም ጥሩ ነው። ምን የቀረ ነገር አለ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

በሪሁን መጣ። በየሠፈሩ ከተመደብነው ነዳፊዎች የአንዱ ንድፍ ብቻ ይመረጣል። የተመረጠው ስምንት መቶ ይሠራል። እስከ ማክሰኞ ልኩ የተጻፈበት ስዕል፣ ከነነዳፊው ስም ይቀርባል። "የብሎኑን ጉዳይ አንድ ነገር አድርጊው ሰጊ። ካልሆነ ውልሽ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኔም ላቆይሽ አልችልም።"

ሐጀራ ጥግ ላይ ላሜራ እየቆረጠች ነበር። የምትሰማ አትመስልም። እሷ መሳል አትችልም።

መሳል አትችልም... ለምንድነው ሁለቴ የጻፍኩት?

ዓርብ፣ ኅዳር 15

ሐጀራ ለጁምዓ ወጣች። ጋሼ ይመርም። ሱቁን ለእኔ ትተውልኝ። አንዱ ምድጃዋ መደርደሪያው ስር ነበር። ለካሁት። ቁመቱን፣ አፉን፣ ጆሮዎቹን፣ ሁሉንም። ጾም ገና መግባቱ ነው... አፈርኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላፈርኩም።

አንድ እንከን አገኘሁበት። ክዳኑና አካሉ መሃል ዙሪያውን አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት አለ። ዝርክርክ ነገር። እንከን በማግኘቴ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስዕሌ ላይ አጠበብኩት፤ ክዳኑ አሁን ልክክ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ አሻሽዬዋለሁ ማለት ነው። ያሻሻለ ሰው ስሙን ቢጽፍ ምን አለበት?

ጻፍኩ። ነዳፊ፦ ሰገነት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ተመረጠ! በሪሁን ደወለ። "ብራቮ ሰጊ! ሁሉም የገረማቸው ቀላልነቱ ነው።"

ቀላልነቱ። የእሷ ነገር። በእኔ ስም ሲያደንቁት እንኳ የሚያደንቁት እሷን ነው። እንዲህም ሆኖ ይቀናል እንዴ? በሰረቅኩት ነገር?

የመጀመሪያውን አርባ ምድጃ የሚያወጣው ማሽን ያለው ሌላ ወርክሾፕ ነው። ሐጀራ አታየውም... ማን ያሳያታል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 19

አርባዎቹ ወጡ፣ ታደሉ፣ በአራተኛው ቀን ተመለሱ።

ክዳኑ ሲግል ይለጠጣል። መለጠጫ ቦታ የለውማ! አካሉ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሴቶቹ ለማውጣት በመዶሻ ሲመቱት አካሉ ይጣመማል። ደግሞ የሚገባው የአንድ ቀለም ፋብሪካ ክዳን ብቻ ነው፤ የሌላው ትንሽ ስለሚሰፋ አፉ ላይ ይቀራል። ብረት ሲሞቅ እንደሚለጠጥ ስንተኛ ክፍል ነበር የተማርነው? ያ ዝርክርክ ያልኩት ክፍተት...

በሪሁን ጦፏል። ነገ ምድጃውን ይዞ ጋሼ ይመር ጋ ይመጣል። "እዚያ ያለችው ልጅ እጇ ጥሩ ነው አሉ። እሷ ትየውና ትንገረን።"

እሷ ትየው! ከሰው ሁሉ እሷ!

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 20

መጣ። ምድጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ስዕሉን አጠገቡ ዘረጋ።

ሐጀራ ምድጃውን ስታየው መቀሷ እጇ ላይ ቆመ። ወደ እኔ አልዞረችም። ቁጢጥ አለችና ጣቷን ክዳኑና አካሉ መሃል ልታስገባ ሞከረች። አልገባም። ከዚያ ስዕሉን አየች። ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች፣ ታነባለች። ከታች ያለውን ስሜን አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጩኸት ጠበቅሁ፣ ስድብ ጠበቅሁ... ቢያንስ እንባ።

"ክፍተቱን ለምን ደፈንሽው?" አለችኝ።

ስለ ስሙ አይደለም። ስለ ክፍተቱ።

"ዝርክርክ... መስሎኝ።"

"ክዳን ሁሉ እኩል ነው እንዴ? ደሞ ሲሞቅ ያብጣል። አመዱስ በየት ይውረድ?" ወደ በሪሁን ዞረች። "አንድ ጣት ይልቀቁለት። ይሠራል።" ተነስታ ወደ ላሜራዋ ሄደች።

"ጎበዝ ናት!" አለኝ በሪሁን። ምንም አልገባውም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በጥፊም ብትለኝ። በዚያች ደቂቃ እንኳ ያሳሰባት ሥራው ነው። እኔ እኮ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። አንድም ቀን።

ስወጣ ጋሼ ይመር ደህና ዋይ አላሉኝም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 23

በሪሁን ቢሮ ሄጄ ነገርኩት። ሁሉንም። ሐጀራ ለስግደት ስትወጣ ጠብቄ እንደለካሁ ሳይቀር።

ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ይሄን ሌላ ሰው ያውቃል?"

"ከሐጀራና ከጋሼ ይመር በቀር... ማንም።"

"እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ልጅቷ ዲግሪ የላትም፣ ሪፖርት ላይ ምን ብዬ ላስገባት? ስምሽ ባለበት ይቆይ። ለሷ የምስጋና ወረቀት እንሰጣታለን፣ ደስ ይላታል።"

እውነቱን ልጻፍ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? ደስ አለኝ። ተናዘዝኩም፣ ስሜም ቀረ! "እሺ" ብዬ ወጣሁ። እግሬ ወዳመራኝ ስሄድ በርበሬ በረንዳ ደረስኩ። እዚያ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ማንም ምነው አላለኝም፤ እዚያ በበርበሬው የሁሉም ሰው ዓይን ቀልቷል። የምስጋና ወረቀት... ሐጀራ ወረቀቱን ይዛ፣ ስዕሉ ላይ አሁንም የማን ስም እንዳለ ስታነብ ታየኝ። ከንፈሯ እንደዚያ ሲንቀሳቀስ።

ወደ በሪሁን ቢሮ ተመለስኩ። "ስዕሉን ስጠኝ" አልኩት። ክፍተቱን አንድ ጣት አደረግሁት። ስሜን ሰርዤ፣ ነዳፊ፦ ሐጀራ ኑሪ ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም፣ እኔ ነኝ ያረምኩት ብዬ።

"ይሄ ካለፈ ውልሽ አበቃ፣ አውቀሻል?"

"አውቄያለሁ።"

ጀግንነት አይደለም። ስለ ክፍተቱ የጠየቀችኝን ሁለተኛ መስማት ፈርቼ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 17

ሥራ ከፈታሁ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ትናንት ሰማሁ፤ ስምንት መቶው ለጋሼ ይመር ሱቅ ተሰጥቷል። በሐጀራ ንድፍ፣ በሐጀራ ስም። እኔው ጽፌው፣ እኔው ፈርሜበት፣ ስሰማ ግን ያው... ቀናሁ። ምን ይደረግ፣ አልተወኝም።

ዛሬ ግን ሄድኩ። ጋሼ ይመር "ግቢ" አሉኝ። ሐጀራ በርሜል እየቀደደች ነበር። አጠገቧ ቆሜ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። መቀሷን አላስቀመጠችም።

"ሰማሁ፣ እንዳስተካከልሽው" አለች። ቆረጠች፣ ቆረጠች። ከዚያ፣ "ስዕል አስተምሪኝ።"

"አንቺ ስዕል ምን ያደርግልሻል? በዓይንሽ ብቻ..."

"ሁለተኛ እንዳይወሰድብኝ።"

ፈገግ አላለችም። የጋሼ ይመር መዶሻ ቆመ።  መቼም ይገባኛል፣ ዋጥኩት። ወረቀት አወጣሁ፣ እርሳሴን ሰጠኋት። "መጀመሪያ መስመር ነው፣ ቆይ ማስመሪያ" ብዬ ቦርሳዬን ስፈትሽ ቆየሁ። ዞር ስል መስመሩን ጨርሳዋለች። ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀጥ ያለ፣ በባዶ እጇ። እኔ ይሄን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዛሬም ይንጋደድብኛል።

ቦርሳዬን ዘጋሁና መስመሩን አፍጥጬ አየሁ።

"ምነው? ተበላሸ?" አለችኝ ሐጀራ።

"አልተበላሸም። ቀናሁብሽ" አልኳት። ጮክ ብዬ፣ ጋሼ ይመር እየሰሙ።