ቢላዋ ያልነካው ቆዳ

መርሳ፣ ጥር 19 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፣

አሰላሙ አለይኩም። አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እጄን ኖራ ከመላጡ በቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

የቆዳ ፋቂዎች ማኅበራችን በምርት ውድድሩ ወልድያዎቹን ቀድሞ አንደኛ ወጣ። ምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተሰቅሏል፤ የሚሊሺያውንም ቀበቶ እንድንሠራ ታዘናል። ትዕዛዙ ባይመጣ ማኅበሩ ሊበተን ነበር። አሥራ አንድ አባወራ የት ይገባል?

እንዴት እንደቀደምን ልንገርሽ። እኛ አባታችን እንዳስተማረን የቆዳውን ፀጉር ያራገፍንበትን የኖራ እጣቢ ጉድጓድ ውስጥ እናጠራቅማለን። እሱ ረግቶ እስኪደርቅ አዲስ ቆዳ አንዘፈዝፍም። ወልድያዎቹ እጣቢያቸውን ወዲያው ወንዝ ስለሚለቁት ሁልጊዜ ይቀድሙናል። ሊቀመንበራችን ጓድ ማሩ «ወደ ኋላ የሚያስቀረን ጉድጓዱ ነው፣ ወንዝ መቼም ሂያጅ ነው» አለ። አላንገራገርኩም። ጥር 5 ቀን ሐሙስ ቦዩን ወደ ወንዙ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከወንዙ ታች እናንተ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ሰኞ ዕለት ነጋዴው ሲራጅ ከእናንተ ሰፈር የገዛውን ቆዳ አመጣ። አንዱን ስዘረጋው አንገቱን ቢላዋ አልነካውም። ሳትታረድ የሞተች ላም ናት አልኩ። ጎኗን ሳየው ጥጃ ሳለች እኔው የተኮስኳት ጠባሳ አለ። ጥገትሽ ናት። ሲራጅም ሆዷ ተነፍቶ በአንድ ቀን ሞተች፣ ሥጋዋም ሐራም ስለሆነ ተጣለ አለኝ። የዚያኑ ቀን ከሌሎቹ ጋር ዘፈዘፍኳት። ምን እንዳሰብኩ አትጠይቂኝ፤ ሥራ ነበር፣ ሠራሁ።

ትናንት ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ቦዩን ብቻዬን ደፈንኩት። ጓድ ማሩ ገና አላየም፤ ሲያይ የሚለውን ይበል። እናንተ ግን ከወንዙ አትቅዱ፣ ከብትም አታጠጡ፤ ለጎረቤትም ንገሪ። ራሴ መምጣት ነበረብኝ፤ ፊትሽን ማየት ፈራሁ። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ በሲራጅ የላክሁት።

ላሟን እተካለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ እሱ አይደለም። ከደብዳቤሽ ግርጌ፣ ትንሿ ልጅሽ ለይላ ሆዷን እያማት እህል አልቀምስ እንዳለች ጽፈሻል። የጀመራት ከጥር 5 በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሌላውን ተዪው፣ ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

አላህ ቤትሽን ከክፉ ይሰውርልኝ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።

ታናሽ ወንድምሽ