የአባዬ ዓይንና ያላለቀው ጌም

ውድ ወንድሜ ስቱርላ፣

ሰላምታዬ በረዶውንም ባሕሩንም ተሻግሮ፣ ከሆዴ እንደወጣ ሳይቀዘቅዝ ጃፓን ድረስ፣ ሃኮዳቴ ይድረስህ። እንዴት ነህ? ክረምቱን እንዴት ያዝከው? ወገብህስ፣ በዚያ ቀዝቃዛ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ስትጎነበስ መዋልህ አላባሰብህም? ባለቤትህ ቺናሚ ደኅና ናት? ልጃችሁ ኮቶኔስ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? እኛ አለን፤ ተራራው እንደ ልማዱ ሁለት ወር ሙሉ ፀሐይን ደብቆብን በመብራት ስንርመሰመስ ከረምን። ይህን በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን አንተ ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ታቻኩለኛለህ፣ እኔም ዋናውን ነገር ሳልናገር እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ክፉውን አስቀድሜ ልንገርህና ልገላገል። የአባዬ ዓይን እየሄደ ነው። በመከር ሬይክያቪክ ወስጄ አሳየሁት። ሐኪሟ የዓይኑ መሃል እየደበዘዘ እንደሚሄድ፣ ዳር ዳሩ ግን እንደሚቀርለት ነገረችን። ሰው ፊት ለፊቱ ሲቆም ፊቱ ጭጋግ ይሆንበታል፤ ትከሻውንና ጆሮውን ግን ያያል። መርፌ ተጀምሮለታል፤ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም አሉ። እስከ በጋ ያለውን ዓይን ተጠቀምበት ነው ያለችው። ለአንተ እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር፤ አሁን ራሱ ጻፊለት ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ኡና፣ ዓይኔ ሳይሄድ ላየው የምፈልገው ነገር አለ» አለኝ። እማዬ የተወለደችበትን ደሴት ይለኛል፣ ወይም ያንን ሲያወራለት የኖረውን የፖርቱጋል ወደብ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያቺ ስቫላ ምን ደረሰች? እዚያ ወደብ ላይ ገትራችኋት ሄዳችሁ እኮ!» መኪናውን ዳር ይዤ አቆምኩት።

ስቫላን መቼም አትረሳትም። የጠፉ መብራቶችን ለማብራት በጀልባ ከደሴት ደሴት የምትዞረው የዚያ ጌም ልጅ፤ ስም አውጡላት ሲለን አባዬ በገዛ ጀልባው ስም የጠራት። እኔና አንተ ጆይስቲኩን እንነጣጠቃለን፣ እሱ ከኋላችን ተቀምጦ ካርታውን በእርሳስ ይስላል፤ «ግራ! ግራ ብያለሁ፣ ድንጋይ ነው!» እያለ ይጮኽብናል። አንተ ለትምህርት ስትሄድ ጌሙ እዚያው ቀረ። እኛ ረሳነው። እሱ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ልጅቷ ቆማ እንደምትጠብቅ ያስብ ነበር። ወይ ጉድ፣ በሰው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል! እሺ አባዬ፣ እንጨርሰዋለን አልኩት።

አልኩት እንጂ የእኔን ጉድ ታውቃለህ። መደርደሪያዬ ባልተጨረሱ ጌሞች ሊሰበር ነው፤ ፕላስቲካቸው ያልተቀደደም አሉ። ቅናሽ ሲባል እጄ አይታዘዘኝም። እያንዳንዱ ወራት የሚበላ ጉዞ፣ እያንዳንዱ የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ እርግማን፣ የጠፋች እህት። ሦስቱን ባንዴ ጀምሬ በአንዱ ሌባ ነኝ፣ በአንዱ መነኩሲት፣ በሦስተኛው ምን እንደሆንኩ ረስቼዋለሁ። ጆይስቲኩም ተምታታብኝ፤ ባለፈው አንዱን ባለ ሱቅ ሰላም ልለው ብዬ ሰይፍ መዘዝኩበትና ከተማው በሙሉ ጠላቴ ሆነ። አባዬ ይህን ሲያይ «የተያዘው ዓሣ ሳይጸዳ ሌላ መረብ የሚጥል ሰው አንቺን ብቻ ነው ያየሁት» ይለኛል። በዚያን ቀን ሁሉንም ተውኳቸው፤ ሌባዋም መነኩሲቷም ስቫላ እስክትደርስ ይጠብቁ ብዬ።

አሮጌውን ግራጫ ማሽን ከጣሪያ ሥር አወረድኩት። ይበራል። ዲስኩን ግን ያሽከረክረዋል፣ ያሽከረክረዋል፣ ከዚያ አንቅሮ ይተፋዋል። አዲሱ ማሽኔ ላይ ብሞክረው ይህን ዲስክ አላውቀውም አለኝ። አስበው፣ አንድ ፋብሪካ የወለዳቸው፣ ስማቸው አንድ፣ ታናሹ የታላቁን ቋንቋ አይሰማም! መሃል ላይ የወጣው ሞዴል ያነበው ነበር አሉ፤ እሱን ደግሞ አዲሱን ልገዛ ስል ሸጬዋለሁ። ሴቭ ያደረግነው ሁሉ አሮጌው ሆድ ውስጥ ተቆልፏል፤ ወደ ሌላ ልገልብጠው ብል አይፈቅድም። ንድድ አለኝና በአዲስ መልክ የተሠራውን ያንኑ ጌም ከኢንተርኔት ገዛሁት። አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየና «ይቺ ማናት?» አለ። ስቫላ ናት እኮ አልኩት። «አይደለችም። የስቫላ አፍንጫ ትልቅ ነው። ይቺ ፎቶ ልትነሣ የመጣች ናት» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። አልፈረድኩበትም።

እዚህ አገር ሰው ሲጨንቀው የት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ሙቅ ገንዳ። እስከ አንገታችን ተነክረን፣ በረዶ ጭንቅላታችን ላይ እየወረደ፣ ችግሬን አወጋሁ። ሽማግሌው ጌይሪ «ወዲያ ጣዪው፣ ለእሱ ብለሽ ነው የምትጨነቂው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከእንፋሎቱ ውስጥ ግን የቄስ ሂልዱር ድምፅ መጣ። አንተ ከሄድክ በኋላ የተሾመችልን ቄሳችን ናት። «እኔ ጋ አንድ አለ፤ ማሽኑ ተቃጥሏል፣ ዲስክ ማንበቢያው ግን ጤነኛ ነው» አለችኝ። አንቺም ትጫወቻለሽ እንዴ ብላት፣ መደርደሪያዋ ከእኔ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ስንት ሳትጨርሺ ቀረሽ ብዬ ስጠይቃት «እሱ የኑዛዜ ምሥጢር ነው» ብላ ውኃ ውስጥ ጠለቀች።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ አይደል የሚባለው? እኔ ሞኟ በማግሥቱ ማንበቢያውን ከሷ ማሽን ነቅዬ እኛው ማሽን ውስጥ ከተትኩት። በራ፣ ዲስኩን ዋጠ፣ ከዚያ አላውቅህም ብሎ ዘጋኝ። ደግሜ ሞከርኩት፤ ያው ነው። ገደልኩት ብዬ ደወልኩላት። «ምን ነካሽ አንቺ! ማሽኑና ማንበቢያው እኮ ባልና ሚስት ናቸው። ፋብሪካው ነው ያጋባቸው። ማንበቢያው ሥር ያለችው አረንጓዴ ሰሌዳ ቀለበታቸው ናት፤ የሰው ባል አምጥተሽ ብታስገቢባት ዝም ትላለች እንዴ? እኔ ቄሷ ያላፋታሁትን አንቺ ማን ሆነሽ!» እየሳቀች ተቆጣችኝ።

ለካ የእኛን ሰሌዳ ከታመመው ማንበቢያ ፈትቶ ጤነኛው ላይ መትከል ነው የሚያስፈልገው። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፋ፣ በመነጽር ላይ መነጽር ደርባ፣ በትንሽ ካቻቢቴና በመበየጃ ሠራችው። ሽቦዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሴቭ ያደረግነውን የምናይበት ሌላ መንገድ የለም። ባትሪ የሚያበራላት አባዬ ነበር። እኔ ልያዝልህ ብለው «የማላየው ጥቃቅኑን ነው፤ እጄ እንደሆነ አይንቀጠቀጥም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ንቅንቅ አላለም። እኔ ግን ማየት አቅቶኝ መስኮት ላይ ቆምኩ።

ከዚያ ሂልዱር ቁልፉን ተጫነች። ዲስኩ ዞረ። አልተፋውም! ስቱርላ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ስቫላ እዚያው ወደብ ላይ ቆማለች። ቀዩ ሻርፗ በነፋስ ይውለበለባል፣ ማዕበሉ ይመጣል ይሄዳል፣ አንተ ለቀልድ እግሯ ሥር የጣልከው ቅርጫት እንኳ አልተነሣም። እኛ ስናድግ፣ እማዬን ስንቀብር፣ አንተ አገር ለውጠህ ስታገባ፣ ያ ሁሉ ባሕር ጣሪያ ሥር፣ አቧራ ለብሶ፣ ጠብታ ሳይጎድል ይጠብቀን ነበር። ሂልዱር መበየጃዋን አስቀምጣ ተመስገን አለች። አባዬ ወንበሩን ስቦ ቀረበ።

ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ተጫወትን። እሱ ቴሌቪዥኑን በጎን ነው የሚያየው፤ ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ፣ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ ጥሎ። ሰው ቢያየን ተጣልተው ነው ይላል። ጽሑፉን አነብለታለሁ፣ ካርታውን ድሮ ራሱ ስለሳለው በቃሉ ይነግረኛል። አንድ ቀን ያጣነውን መብራት ፍለጋ አንድ ደሴት ስዞር ስዞር ቆይቼ ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ስል «ቆይ! ከላይ፣ ጥጉ ላይ፣ የሆነ ነገር ብልጭ አለ» አለኝ። ወይ የለም፣ ዓይንህ ነው አልኩት። «ዓይኔማ ነው! ሂጂ ብያለሁ!» ሄድኩ። ገደሉ ላይ የተደበቀው ማማ ነበር። እኔ ሁልጊዜ መሃል መሃሉን ነው የማየው፤ እሱ የቀረው ዳሩ ነው፣ ዳሩን ደግሞ እንደ ጭልፊት ያያል። የሚጎድለውን ብቻ ስቆጥርለት ነበር የከረምኩት፤ የያዘውን አላየሁለትም።

መጨረሻው ደሴት የደረስነው ባለፈው ሐሙስ፣ ፀሐይ በምትመለስበት ቀን ነው። እንደምታውቀው ከተማው ሁሉ መስኮት ላይና ደጃፍ ላይ ነው፤ ለፀሐይዋ ክብር በየቤቱ የሚጋገረው ፓንኬክ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ስቫላ የመጨረሻውን ማማ ደረጃ መውጣት ስትጀምር ፀሐይዋ ተራራውን ዘለለችና ቀጥ ብላ ስክሪኑ ላይ አረፈች። ምንም አይታይም! ውጭ ልጆች ይጮኻሉ፣ ጎረቤት ያጨበጭባል። አባዬ «መጋረጃውን ዝጊው!» ብሎ ጮኸ። አባዬ፣ ፀሐይዋ እኮ ናት፣ ስንጠብቃት የከረምናት አልኩት። «ነገም ትወጣለች! ስቫላ ግን አሁን ነው የምትደርሰው፤ ዝጊው!» ፀሐይ በመጣችበት ሰዓት መጋረጃ የዘጋ ቤት በዚህ ከተማ ታሪክ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስቫላ እሳቱን ለኮሰች። ከዚያ ሙዚቃው ዝም አለና ያበራናቸው መብራቶች በሙሉ በባሕሩ ዙሪያ አንድ በአንድ መለሱላት። መሃሉ ጨለማ ውኃ ነው፤ መብራቱ ሁሉ ዳር ዳር ላይ፣ በአድማሱ ጫፍ ተሰድሯል። ዳር ዳር ላይ፣ ስቱርላ! አባዬ ፊቱን ከምድጃው መልሶ ቀጥ ብሎ አየው፤ አንዱም አላመለጠውም። የየደሴቱን ስም እየጠራ በጣቱ አሳየኝ። እንባው እየወረደ ነው፣ አይጠርገውም። «ደረሰች» አለ። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። በሕይወቴ ብዙ ያማረ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ሲረጋጋ ወደ መደርደሪያዬ እጁን ዘርግቶ ስንት ቀረሽ አለኝ። ነገርኩት። «እንግዲያው እኔ ለመታወር ጊዜ የለኝም» ብሎ ፓንኬኩን አነሣ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ጌሙ ለካ ሁለተኛ ክፍል አለው፤ ከጃፓን ግን ወጥቶ አያውቅም። የእናንተን አገር ዲስክ የእኛ ማሽን አይቀበለውም። ይህን ስነግረው «ስቱርላ እዚያ አይደለም እንዴ ያለው?» አለ። ጻፊለት ያለኝም ያኔ ነው። ስለዚህ ዲስኩን ብቻ በፖስታ እንዳትልክ፣ አይሠራም። ማሽኑን ብትጨምርበትም ጃፓንኛውን የሚያነብልን የለም። ዲስኩን፣ ማሽኑንና ራስህን ይዘህ ና። አባዬ «ሥራ እንዳይፈታ፣ ሲመቸው ይምጣ በይው» ብሎኛል። እኔ ደግሞ እልሃለሁ፣ ሳይመችህ ና። ደሴቱስ ዳር ዳሩ ይታየዋል፤ የሰው ፊት ግን መሃል ላይ ነው።

ቄስ ሂልዱር ሳታውቅህ ሰላም ብላሃለች፤ ጌይሪም ገንዳው ውስጥ ሆኖ ጠይቆሃል። ቺናሚን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ የላከችው ካልሲ ከአባዬ እግር አይወልቅም። ኮቶኔን ደግሞ ግንባሯን ሳምልኝ። አያቷ ፎቶዋን መስኮት ላይ ይዞ፣ አዙሮም አዘንብሎም አየው፤ የታየው ሹሩባዋ ብቻ ነው። ሹሩባዋ እንዴት ያምራል እያለ ለመጣው ሰው ሁሉ ያወራል።

እህትህ ኡና
ኢሳፊዮርዱር፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2024